ክላረንስ ሳንደርስ፤ ገበያተኛውን የራሱ አስተናጋጅ ያደረገ ነጋዴ

በልዩ ልዩ አገሮች በሚገኙ ትላልቅ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮች ውስጥ አንድ አነስተኛ የሚመስል ክርክር ሲነሣ ይሰማል። ገበያተኛው የመረጠውን ዕቃ አስቆጥሮ ሒሳቡን ከከፈለ በኋላ ዕቃውን በከረጢት ውስጥ የሚከትለት ማን መሆን ይገባዋል? ገንዘብ ተቀባዩ ነውን? ለዚሁ ተብሎ የተቀጠረ ሌላ ሠራተኛ ነውን? ወይስ ራሱ ገበያተኛው? ገሚሱ ገንዘቡን የከፈለ ሰው ሙሉ መስተንግዶ ይገባዋል ይላል። ገሚሱ ደግሞ ጤነኛ እጅ ያለው ሰው የገዛውን ቢያሽግ ሰልፉም ይፈጥናል፣ ዋጋውም ይቀንሳል ሲል ይከራከራል።

ጉዳዩ ተራ ቢመስልም ከሥሩ ያለው ጥያቄ የምሕንድስና ባለሙያ በየዕለቱ የሚገጥመው ነው። አንድ የአሠራር ሥርዓት በአዲስ መልክ ሲነደፍ ከአንደኛው ቦታ የተቀነሰው ሥራ ወዴት ይሄዳል? ጠፍቶ ይቀራልን ወይስ ወደ ሌላ ሰው ትከሻ ይዛወራል? ቢዛወርስ ተቀባዩ በምትኩ ምን ያገኛል? ለዚህ ጥያቄ የክላረንስ ሳንደርስን ሕይወት ያህል ግልጽ ምሳሌ የሚሆን ታሪክ ጥቂት ነው። ሳንደርስ መሐንዲስ አልነበረም፤ ከፍ ያለ ትምህርትም አልቀሰመም። ይሁን እንጂ የችርቻሮ መደብርን እንደ አንድ መሣሪያ አይቶ ክፍሎቹን የፈታና እንደገና የገጣጠመ ሰው ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕይወቱ ጅማሬ

ክላረንስ ሳንደርስ በኦገስት 9 ቀን 1881 በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ተወለደ። ቤተሰቡ ድኾች ነበሩ። ገና በልጅነቱ ወደ ቴነሲ ግዛት ተዛውረው በዚያ አደገ። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነው ትምህርቱን አቋርጦ በአንድ የገጠር መደብር ውስጥ በረዳትነት ተቀጠረ። ከዚያ በኋላ በአላባማ በከሰል ማክሰያ ፋብሪካ፣ በቴነሲም በእንጨት መሰንጠቂያ ሠርቷል። ነገር ግን ልቡ ከንግድ አልራቀም፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ምግብ ሸቀጥ ጅምላ ንግድ ተመልሶ የሽያጭ ሠራተኛ ሆነ። በ1904 የሜምፊስ ከተማ ነዋሪ ሆኖ በዚያው ሥራ ቀጠለ።

የጅምላ ሻጭነት ሥራው ከመደብር ወደ መደብር ስለሚያዘዋውረው የቸርቻሪዎችን ሕይወት ከውስጥ ለማየት በቃ። ያየውም የሚያስደስት አልነበረም። ቸርቻሪዎቹ በዱቤ ይሸጣሉ፤ ዱቤው በወቅቱ አይመለስም። ብዙ ሠራተኛ ይቀጥራሉ፤ ሠራተኛው በጥድፊያው ሰዓት አይበቃም፣ በሌላው ሰዓት ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ከእነዚህ ነጋዴዎች አያሌዎቹ ሲከስሩ ሳንደርስ ተመልክቷል። በ1915 በሽርክና ያቋቋመው የጅምላ ድርጅት በእጅ በእጅ ገንዘብ ብቻ የሚሸጥ ሆነ፤ ደንበኞቹ የሆኑትን ቸርቻሪዎችም ዱቤን እንዲተዉ መገፋፋት ጀመረ።

ባንኮኒው የነበረው ሚና

የሳንደርስ ሥራ ምን እንደለወጠ ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን መደብር ማሰብ ያስፈልጋል። አሠራሩ በአገራችን የሰፈር ሱቅ ለሚገዛ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ገበያተኛው ከባንኮኒው ወዲህ ይቆማል፤ ዕቃው ሁሉ ከባንኮኒው ወዲያ ነው። የሚፈልገውን አንድ በአንድ ይናገራል፤ ሻጩ ከመደርደሪያ ያወርዳል፣ ዱቄቱንና ስኳሩን ከጆንያና ከበርሜል ዘግኖ ይመዝናል፣ በወረቀት ይጠቀልላል፣ በሲባጎ ያስራል፣ ሒሳቡን በእርሳስ ይደምራል። ዱቤ ከሆነ በመዝገብ ያሰፍራል። በአሜሪካ ከተሞች ደግሞ ብዙው መደብር ዕቃውን እስከ ቤት ድረስ ያደርስ ነበር።

በዚህ አሠራር ገበያተኛው ከመናገር በቀር የሚሠራው ሥራ አልነበረም። ነገር ግን ያለ ዋጋ የተገኘ ምቾት አልነበረም። የሻጩ ደመወዝ፣ የአድራሹ ድካምና ያልተመለሰው ዱቤ ሁሉ በዕቃው ዋጋ ላይ ተጨምሮ ይከፈል ነበር። ከዚህም ሌላ ዋጋው በአብዛኛው በዕቃው ላይ ስለማይጻፍ ገበያተኛው ማወዳደር አይችልም፤ ሻጩ የሰጠውን ይቀበላል። አንድ ሻጭ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ሰው ብቻ በመሆኑም የቀረው ቆሞ ይጠብቃል። በምሕንድስና ቋንቋ ለመናገር፣ የመደብሩ ጠባብ ማለፊያ የሻጩ ሁለት እጅ ነበር።

ከሳንደርስ ቀደም ብሎ አንድ የቴክኒክ ለውጥ መንገዱን ጠርጎለት እንደነበር መጥቀስ ተገቢ ነው። በ1871 ማርጋሬት ናይት የተባለች አሜሪካዊት ጠፍጣፋ መቀመጫ ያለው የወረቀት ከረጢት ለሚሠራ መኪና የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘች። በ1883 ደግሞ ቻርልስ ስቲልዌል ጎኖቹ የሚታጠፉና ሲከፈት በራሱ የሚቆም ከረጢት የሚሠራ መኪና አስመዘገበ። በራሱ የሚቆም ከረጢት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ይሁንና አንዱ እጅ ከረጢቱን ከመያዝ ነፃ ስለወጣ አንድ ሰው ብቻውን በሁለት እጁ ፈጥኖ ሊሞላው ቻለ። መጠቅለልና ማሰር ቀርቶ መክተት ብቻ በቂ ሆነ።

እንደ መሣሪያ የተነደፈ መደብር

በሴፕቴምበር 1916 ሳንደርስ በሜምፊስ፣ በጀፈርሰን ጎዳና ቁጥር 79 ፒግሊ ዊግሊ የተባለውን መደብር ከፈተ። ስለ ስሙ ትርጉም ሲጠየቅ ሰዎች ይህንኑ ጥያቄ እንዲጠይቁ ብሎ እንዳወጣው ይመልስ ነበር ይባላል። ገበያተኛው ራሱ ከመደርደሪያ እንዲያነሣ የማድረግ ሐሳብ የእርሱ ብቻ አልነበረም፤ በካሊፎርኒያና በሌሎችም ቦታዎች በዚያው ዘመን የሞከሩ ነበሩ። የሳንደርስ ልዩነቱ ሐሳቡን የተሟላ ሥርዓት አድርጎ መንደፉ ነው። ለዚህም በኦክቶበር 1917 ቁጥሩ 1,242,872 የሆነ የአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠው።

ንድፉ ግልጽ ነበር። ገበያተኛው በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ መግቢያ ይገባል፤ ዘንቢል ያነሣል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው አንድ ጠመዝማዛ መተላለፊያ ብቻ ነው። መተላለፊያው በመደርደሪያዎቹ ሁሉ ፊት ስለሚያሳልፍ ስኳር ብቻ ሊገዛ የመጣም ሰው መደብሩ ያለውን ዕቃ ሁሉ ሳያይ አይወጣም። በእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋው ተጽፎበታል። ሠራተኞች ከበላይ በኩል ባለ ሰገነት ሆነው ገበያተኛውን ሳያውኩ ሽያጩን መከታተል ይችላሉ። በመተላለፊያው መጨረሻ ላይ ባንኮኒ አለ፤ ከዚያ ሳይደርሱ መውጣት አይቻልም።

ለያዝነው ጉዳይ ዋናው ነጥብ በዚህ መጨረሻ ባንኮኒ ላይ ነው። የባለቤትነት መብቱ ሰነድ እንደሚያስረዳው በዚያ ቦታ የሚፈጸሙት ተግባራት ሦስት ናቸው፤ ሒሳብ ማስላት፣ ዕቃውን ማሸግና ክፍያ መቀበል። ሳንደርስ ዕቃን መምረጡን፣ ማንሣቱንና መሸከሙን ለገበያተኛው ሲያስተላልፍ ማሸጉን ግን በመደብሩ እጅ አቆየው። ምክንያቱ ከንድፉ ቅርጽ ይነበባል። ገበያተኛው ከመደርደሪያ በነፃነት እንዲያነሣ የተፈቀደለት መውጫው ላይ ሁሉም ነገር ስለሚቆጠር ነው። የሚቆጥረውና የሚያሽገው አንድ ከሆነ በከረጢቱ ውስጥ የገባው ሁሉ የተቆጠረ ለመሆኑ መተማመኛ ይገኛል። ማሸግ በዚያ ዘመን መስተንግዶ ብቻ ሳይሆን የቁጥጥርም አካል ነበር።

የልውውጡ ሒሳብ

ገበያተኛው ለዚህ አዲስ ድካም ምን አገኘ? አንደኛ፣ የሻጮች ቁጥር በማነሱና ዱቤና ማድረስ በመቅረታቸው ዋጋው ቀነሰ። ሁለተኛ፣ የተጻፈ ዋጋ በማየቱ የማወዳደርና የመተው ነፃነት አገኘ። በባንኮኒው ፊት ቆሞ ርካሹን ለመጠየቅ የሚያፍር ድኻ በመደርደሪያው ፊት ማንም ሳያየው ርካሹን ያነሣል። ሦስተኛ፣ ተራ ጥበቃ ቀረለት፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መምረጥ ቻለ።

ያጣውም ነገር አለ። ወደ ቤት የሚያደርስለት ሰው ቀርቷል፤ ሸክሙ የራሱ ሆኗል። ልጅ ይዞ የመጣ፣ አቅመ ደካማ የሆነ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ከባንኮኒው ኋላ የነበረውን አጋዥ አጥቷል። መደብሩ ደግሞ ከደመወዝ ቅነሳው ሌላ ሁለተኛ ትርፍ አግኝቷል፤ ገበያተኛው ሊገዛ ያላሰበውን አይቶ መግዛቱን። ሚዛኑ ሲደፋ ግን አብዛኛው ገበያተኛ ልውውጡን ወዶ ተቀብሎታል። ማስረጃውም የመደብሮቹ ብዛት ነው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ከአንድ ተነሥተው ከ1,200 በላይ ሆኑ። ከፊሎቹ የድርጅቱ ንብረት፣ ከፊሎቹ በስሙና በአሠራሩ ለመጠቀም የተፈቀደላቸው የሌሎች ነጋዴዎች ነበሩ።

የአክሲዮኑ ትግል

በ1922 የድርጅቱ አክሲዮን በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ይሸጥ ነበር። ሳንደርስም በሜምፊስ ከጆርጂያ በተቆፈረ ሮዝማ ዕብነ በረድ የተለበጠ ግዙፍ መኖሪያ ማሠራት ጀምሮ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ በኒውዮርክ አካባቢ በድርጅቱ ስም የሚሠሩ፣ የእርሱ ንብረት ያልሆኑ ጥቂት መደብሮች ከሰሩ። ይህን እንደ ምቹ አጋጣሚ ያዩ ደላሎች በእጃቸው የሌለውን አክሲዮን ተበድረው መሸጥ ጀመሩ። ዓላማቸው ዋጋው ሲወድቅ በርካሽ ገዝተው በመመለስ ልዩነቱን ማትረፍ ነበር። ዋጋውም ወደ 50 ዶላር ከነበረበት ከ40 በታች ወረደ።

ሳንደርስ ነገሩን እንደ ግል ጥቃት ቆጠረው። በደቡብ ከተሞች ከሚገኙ ባንኮች 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተበድሮ የራሱን ድርጅት አክሲዮን መግዛት ያዘ። ለሕዝብ ከተሸጠው 200,000 አክሲዮን ውስጥ ሊደርስበት የሚችለውን ሁሉ ማለት ይቻላል በእጁ አስገባ። በማርች 20 ቀን 1923 የተሸጡለትን አክሲዮኖች ርክክብ ጠየቀ። ሻጮቹ የሚያስረክቡት አልነበራቸውም፤ ዋጋው በአንድ ቀን ውስጥ ከ75 ገደማ ተነሥቶ እስከ 124 ዶላር ደረሰ። በዚህ ጊዜ የአክሲዮን ገበያው አስተዳደር ንግዱን አገደ፤ የማስረከቢያውንም ጊዜ አራዘመ። በተገኘው ፋታ ሻጮቹ በልዩ ልዩ ከተሞች በግለሰቦች እጅ የነበሩትን አክሲዮኖች ለቃቅመው ዕዳቸውን ከፈሉ።

ሳንደርስ ድል ያደረገ መስሎት ከዕዳ ተራራ ሥር ራሱን አገኘው። የሜምፊስ ሕዝብ አክሲዮኑን እየገዛ እንዲታደገው የተደረገው ዘመቻም ግቡን አልመታም። በኦገስት 1923 ድርጅቱን ለቀቀ፤ ንብረቱንም ለአበዳሪዎች አስረከበ። ያልተጠናቀቀው ሮዝ ቤተ መንግሥት አንድም ቀን ሳይኖርበት ከእጁ ወጣ፤ በኋላም የከተማው ንብረት ሆኖ በ1930 ሙዚየም ሆነ። ዛሬ በዚሁ ሙዚየም ውስጥ የ1916ቱ መደብር አምሳያ ተሠርቶ ይታያል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ መስተዋል ያለበት ነገር የፈጠራው ሥርዓት ያለ ፈጣሪው መቀጠሉ ነው። ሳንደርስ ከወጣም በኋላ መደብሮቹ እየበዙ ሄደው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከ2,600 በላይ ደርሰዋል። ነጋዴው ወደቀ፤ ንድፉ ግን አልወደቀም። በውስጡ የነበረው ልውውጥ ለገበያተኛውም ለመደብሩም የሚጠቅም ስለነበር በአንድ ሰው ዕድል ላይ የቆመ አልነበረም።

ቁልፉ ሁሉን የሚሠራበት መደብር

በ1924 ሳንደርስ ስሙን ማንም እንዳይወስድበት ለማወጅ የፈለገ በሚመስል አጠራር፣ የስሙ ብቸኛ ባለቤት ክላረንስ ሳንደርስ የተባሉ መደብሮችን ከፈተ። እንደገና ባለጠጋ ሆነ። በስሙ የሚጠራ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን እስከ ማቋቋም ደረሰ። ነገር ግን ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት መጣና በ1930 ለሁለተኛ ጊዜ ከሰረ።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ለመሐንዲሶች ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ ነው። በ1937 በሜምፊስ ኪዱዝል የተባለ መደብር ከፈተ፤ የስሙ ትርጉም ቁልፉ ሁሉን ይሠራል እንደ ማለት ነው። በዚህ መደብር ገበያተኛው ከእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ናሙና በመስተዋት ኋላ ያያል። የፈለገውን ለማዘዝ የተሰጠውን ቁልፍ ከናሙናው አጠገብ ባለው ቀዳዳ ያስገባል። የኤሌክትሪክ ምልክት ወደ ኋላ ክፍል ይተላለፋል፤ ዕቃው ከመጋዘኑ ወርዶ በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ይጓዛል፤ ሒሳቡም በመሣሪያ ይደመራል። ገበያተኛው መውጫው ዘንድ ሲደርስ ዕቃው ተሰብስቦና ታሽጎ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ሳንደርስ ከሃያ ዓመት በፊት ለገበያተኛው ያስተላለፈውን ሥራ በዚህ ጊዜ ከእርሱ ነጥቆ ለመሣሪያ ሰጠው ማለት ነው። ዘንቢል መሸከም ቀረ፤ መክተትም ቀረ። በሐሳብ ደረጃ እንከን አይወጣለትም። በተግባር ግን መሣሪያዎቹ ይበላሹ፣ ገበያተኛ በሚበዛበት ሰዓት የብዙ ሰዎች ትእዛዝ በቀበቶው ላይ ተጨናንቆ ይደባለቅ ነበር። የመሣሪያው ወጪና የጥገናው ድካም ሰው ከመቅጠር ያተርፋል የተባለውን በላው። ተሻሽሎ በ1948 እንደገና ተሞከረ፤ በ1949 ተዘጋ።

በዚያው በ1937 በኦክላሆማ ሲቲ ሲልቫን ጎልድማን የተባለ የመደብር ባለቤት ሁለት ዘንቢል የሚሸከም ባለ ጎማ ጋሪ ሠርቶ ለገበያተኞቹ አቀረበ። መጀመሪያ ላይ ሰዎች መግፋቱን አልወደዱትም፤ ጎልድማን ጋሪውን እየገፉ በመደብሩ የሚዘዋወሩ ሰዎችን እስከ መቅጠር ደርሷል። ከሁለቱ የ1937 ፈጠራዎች ዓለምን ያጥለቀለቀው ጋሪው ነው። ኪዱዝል ሥራውን ከሰው ላይ ሙሉ በሙሉ ለማንሣት ሲል ተወሳሰበ፤ ጋሪው ግን ሥራውን በሰው ላይ ትቶ ሸክሙን ብቻ አቀለለ። ለተጠቃሚ ሥራ የሚሰጥ ሰው ከሥራው ጋር መሣሪያውንም መስጠት እንዳለበት ይህ ንጽጽር ያሳያል።

የጋሪው መምጣት በመውጫው ባንኮኒ ላይ አዲስ ችግር አመጣ። በዘንቢል ይገዛ የነበረ ሰው የሳምንት አስቤዛውን በአንድ ጊዜ መጫን ጀመረ። የሚታሸገው ዕቃ በመብዛቱ በአሜሪካ ከገንዘብ ተቀባዩ አጠገብ የሚቆም፣ ሥራው ከረጢት መሙላት ብቻ የሆነ ሠራተኛ ተፈጠረ። ለብዙ ወጣቶችም ይህ የመጀመሪያ ሥራቸው ሆነ። ሥራው ያለ ዕውቀት የሚሠራ አይደለም። ከባዱ ከታች፣ እንቁላሉና ዳቦው ከላይ፣ የቀዘቀዘው ከቀዘቀዘው ጋር፣ ክብደቱም ለሁለት እጅ እኩል መሆን አለበት። የአሜሪካ ቸርቻሪዎች ማኅበር ከ1987 ጀምሮ በዚህ ሙያ አገር አቀፍ ውድድር ማካሄዱ ለሥራው የተሰጠውን ግምት ያመለክታል።

የመጨረሻው ዕቅድ

ሳንደርስ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖትም ሐሳቡን አልተወም። ፉድኤሌክትሪክ ብሎ የሰየመውን ሦስተኛ ንድፍ ያዘጋጅ ጀመር። መደብሩ ሊከፈት የታቀደው ከመጀመሪያው የፒግሊ ዊግሊ ቦታ ሁለት መንገድ ያህል ርቆ ነበር። በዚህ ንድፍ ገበያተኛው አንድ ትንሽ የሒሳብ መሣሪያ ይዞ ይዘዋወራል፤ በእርሷ አማካይነት ዕቃውን ከመስተዋት ሣጥኑ ያወጣል፤ መሣሪያዋ ዋጋውን እየደመረች ትሄዳለች። በመጨረሻም ገበያተኛው ዕቃውን ራሱ ይጠቀልላል፤ የራሱም ገንዘብ ተቀባይ ይሆናል። ሳንደርስ በስምንት ሠራተኞች ብቻ የሁለት ሚሊዮን ዶላር ሽያጭ ማካሄድ እንደሚቻል አስልቶ ነበር። መውጫው ላይ የሚፈጠረው መጨናነቅ እንደሚጠፋም ያምን ነበር።

በ1916 በመደብሩ እጅ ያቆየው የመጨረሻ ሥራ፣ ማሸግ፣ በዚህ ንድፍ ወደ ገበያተኛው ተላለፈ። የተላለፈበትም ምክንያት ሥርዓት ያለው ነው፤ ቆጠራው በመሣሪያዋ ስለሚያልቅ ማሸጉ ከቁጥጥር ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋርጧል። ነገር ግን መደብሩ አልተከፈተም። ክላረንስ ሳንደርስ በኦክቶበር 1953 በሰባ ሁለት ዓመቱ በሜምፊስ ዐረፈ።

ከእርሱ በኋላ፤ ከረጢቱን ማን ይሙላ

ሳንደርስ ያላየው ብዙ ነገር መጣ። በጁን 26 ቀን 1974 በኦሃዮ ግዛት፣ በትሮይ ከተማ በአንድ መደብር ለመጀመሪያ ጊዜ በባር ኮድ የተነበበ ዕቃ ተሸጠ፤ አንድ ፓኮ ማስቲካ ነበር። ቆጠራው ሲፈጥን የማሸጉ ዝግታ ጎልቶ ወጣ፤ ጠባቡ ማለፊያ ከቆጣሪው እጅ ወደ ከረጢቱ አፍ ተዛወረ።

አገሮች ለዚህ የሰጡት መልስ የተለያየ ነው። በአሜሪካ ለረዥም ጊዜ የተለመደው በሠራተኛ ማሸግ ነው። በጀርመን ግን ገበያተኛው ራሱ ያሽጋል። ዎልማርት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ1997 ጀርመን ገብቶ ዕቃ የሚያሽጉ ሠራተኞችን ሲያቆም ብዙ ገበያተኞች የማያውቁት ሰው የምግባቸውን ዕቃ መነካካቱን አልወደዱትም። ድርጅቱ በ2006 ከአገሩ የወጣው በሌሎች ከባድ ምክንያቶች ቢሆንም፣ ይህ አንዱ የሚጠቀስ ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል። በሜክሲኮ ደግሞ አያሌ አረጋውያን ያለ ደመወዝ፣ በጉርሻ ብቻ፣ ከረጢት በመሙላት ይተዳደሩ ነበር፤ በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ቤታቸው ሲላኩ ያ ገቢ ተቋረጠባቸው። ስለዚህ ገበያተኛው የራሱን ከረጢት ይሙላ የሚለው ውሳኔ ከከረጢቱ ኋላ የሚኖር ሰው ሊኖር እንደሚችልም መታሰብ አለበት።

ከሁሉ ይልቅ ለባለሙያ የሚጥመው የጀርመኑ አልዲ የሚሠራበት ዘዴ ነው። ገንዘብ ተቀባዩ የተቆጠረውን ዕቃ በቀጥታ ወደ ጋሪው ይመልሳል፤ ገበያተኛው ከፍሎ ከመስመሩ ይወጣል፤ ከዚያ ግድግዳውን ተጠግቶ በተሠራ ረዥም ጠረጴዛ ላይ በራሱ ፍጥነት ያሽጋል። እዚህ ላይ ዋናው ዘዴ ማሸጉን ከጠባቡ ማለፊያ ማውጣቱ ነው። ቀርፋፋው ሰው ከኋላው የቆሙትን አያስቸግርም፤ ፈጣኑም አይገታም። የተቀነሰው የሠራተኛ ወጪም በዕቃው ዋጋ ላይ ይታያል።

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፉት ገበያተኛው ራሱ የሚቆጥርባቸውና የሚከፍልባቸው መሣሪያዎች በአንጻሩ የሳንደርስን የመጨረሻ ንድፍ ይመስላሉ። ሥራው ሁሉ ወደ ገበያተኛው ተላልፏል፤ በምትኩ ያገኘው ነገር ግን ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። ዋጋው አንድ ነው፤ መሣሪያው ሲሳሳትም ሠራተኛ ጠርቶ የሚጠብቀው ራሱ ነው። በሰሜን እንግሊዝ የሚገኘው ቡዝስ የተባለ የመደብሮች ድርጅት በ2023 ከ28 መደብሮቹ ከሁለቱ በስተቀር እነዚህን መሣሪያዎች ለማንሣት መወሰኑን ያስታወቀው የደንበኞቹን አስተያየት በመከተል ነበር።

መደምደሚያ

የሳንደርስ ሦስት መደብሮች ሦስት የተለያዩ መልሶች ናቸው። በመጀመሪያው ሥራው በገበያተኛውና በመደብሩ መካከል ተከፋፈለ፤ ገበያተኛውም ለድካሙ ርካሽ ዋጋና የምርጫ ነፃነት አገኘ፤ ይህም ጸንቶ ቆየ። በሁለተኛው ሥራው ሁሉ ለመሣሪያ ተሰጠ፤ መሣሪያው ሊሸከመው አልቻለም። በሦስተኛው ሥራው ሁሉ ለገበያተኛው ሊሰጥ ታቀደ፤ ፍርዱን ሳይቀበል ቀረ። ዛሬ በየመውጫው የሚሰማው ክርክር የዚያ ፍርድ መሰማት ነው ለማለት ይቻላል።

ገበያተኛው አስቤዛውን ራሱ ቢያሽግ ነውር የለውም፤ ነገር ግን ንድፉን የሚሠራው ወገን ሦስት ነገሮችን ማሟላት ይገባዋል። የተቆጠበው ወጪ ለገበያተኛው በሚታይ መልክ መመለስ አለበት። ለሥራው የሚሆን ቦታና መሣሪያ፣ ይኸውም ከሰልፉ ወጣ ያለ ጠረጴዛ፣ በራሱ የሚቆም ከረጢትና ጋሪ መዘጋጀት አለበት። ሽማግሌው፣ ሕፃን ያዘለችው እናትና እጁ የማይታዘዝለት ሰው ደግሞ ሳይለምኑና ሳያፍሩ የሚያሽግላቸው ማግኘት አለባቸው። እነዚህ ከተጓደሉ ሥራ ቀነስን ማለት አይቻልም፤ የተደረገው ከደመወዝ መዝገብ ላይ ሠርዞ ደመወዝ በማይከፈለው ሰው እጅ ላይ ማኖር ብቻ ነው። መንገድ፣ ውኃ፣ መብራት ወይም የቢሮ አሠራር የሚነድፍ ባለሙያም በሥራው መጨረሻ ይህንኑ ሒሳብ መሥራት ይኖርበታል።